ራዲሽ ለጓሮ እንጂ ለማሳ አይደለም፤ ዘሩም ከእጃችሁ አይውጣ

ሰሞኑን የባለቀለም ራዲሽ ፎቶ በስልክ ስትቀባበሉ አይቻለሁ። ላዩ ነጣ ብሎ ውስጡ እንደ ሐብሐብ የቀላው አለ፣ ወይን ጠጁ አለ፣ ቆዳው ጥቁር ሆኖ ውስጡ ነጭ የሆነውም አለ። ያምራል፣ እውነት ነው። አንድ አርሶ አደር ግን ደውሎ «ሩብ ሄክታር ልዝራው ወይ?» ሲለኝ ተው አልኩት።

ራዲሽ እንደ ሽንኩርት ተቀምጦ ገዢ አይጠብቅም። ትንሹ ክብ ዓይነት ከ25 እስከ 30 ቀን ይደርሳል። ከደረሰ በኋላ ካቆያችሁት ውስጡ ይቦረቦራል፣ ያቃጥላል፣ ከዚያ አገዳ ያወጣል። በእኛ ገበያ ደግሞ ራዲሽ ብሎ የሚጠይቅ ስንት ሰው አለ? ከሆቴል ወይም ከአትክልት ነጋዴ ጋር ቀድማችሁ ካልተዋዋላችሁ፣ መጨረሻው ለከብት ነው።

ለጓሮ ግን እኔ ራሴ እወተውታችኋለሁ። ከማድቤት ጀርባ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር መደብ ይበቃል። ሁሉንም ባንዴ አትዝሩ፤ በየአሥር ቀኑ አንድ አንድ መስመር ዝሩ። ጥልቀቱ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ሲበቅል ደግሞ በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ አንድ ተክል ብቻ እንዲቀር አሳሱት። ጥቁሩና ረጅሙ ነጭ ሰፋ ያለ ቦታና ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋሉ። ያልበሰለ ፍግ አትጨምሩ፤ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ሥሩ ይቀጥናል ወይ ይሰነጠቃል። የነቀላችሁትን ቅጠልም አትጣሉት፣ እንደ ጎመን ቀቅላችሁ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ብታቁላሉት በጾም ቀን ወጥ ነው። ሥሩን ደግሞ በስሱ ከትፋችሁ በሎሚና በሚጥሚጣ ቅመሱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ዘሩ። እናቶቻችን የጎመን ዘር በየዓመቱ ሱቅ ሄደው ይገዙ ነበር እንዴ? ራዲሹንም እንደዚያው መያዝ ይቻላል፣ ዘሩ ነባር ዝርያ እስከሆነ ድረስ። እሽጉ ላይ «ኤፍ 1» የሚል ካለ ድቅል ነው፤ የመጀመሪያው ምርት ያምራል፣ ከእሱ የለቀማችሁት ዘር ግን እናቱን አይመስልም። በየወቅቱ ገዢ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ። (ውጭ ያለ ዘመድ በፖስታ ወይ በሻንጣ ዘር ልላክ ቢላችሁ አትቀበሉ። ያለ ፈቃድና ያለ ኳራንቲን ምርመራ የገባ ዘር የጎረቤትንም ማሳ የሚጎዳ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቀድሞ ያበበውን ለዘር ይተዋል። እንደዚያ ካደረጋችሁ በየዓመቱ ሥር ሳይዝ የሚያብብ ራዲሽ እየመረጣችሁ ነው ማለት ነው። ቀድሞ ያበበውን ነቅላችሁ ብሉት። ሲደርስ ሥሩን አውጥታችሁ እዩ፤ ቀለሙ የጠራውን፣ ያልተሰነጠቀውን፣ አበባ የዘገየውን ምረጡ፣ ቅጠሉን ቁረጡለትና መልሳችሁ ትከሉት። ከሃያ ተክል ባያንስ ጥሩ ነው፣ ሁለትና ሦስት ብቻ ከተዋችሁ ዘሩ እየደከመ ይሄዳል። ንብ ቀለሙን አይለይም፣ ነጩንና ቀዩን ያዳቅላቸዋል፤ ስለዚህ በአንድ ወቅት አንድ ቀለም ብቻ ይበብ። ጎረቤትም ከተከለ ተነጋገሩ። ከጎመናችሁ ጋር ይደባለቃል ብላችሁ ግን አትስጉ።

በመስከረም የተዘራ በደረቁ ወራት ቆባው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ቆባው እንደ ጎመን በቀላሉ አይረግፍም፣ ጆንያ ውስጥ ከታችሁ በዱላ ውቁት። በደንብ የደረቀ ዘር ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አራት ዓመት ያህል ይቆያል። ጥቁሩም ነጩም ወይን ጠጁም ዘራቸው ያው ቡናማ ነው፣ በዓይን አይለይም፤ ጠርሙሱ ላይ ቀለሙንና የለቀማችሁበትን ወር ጻፉበት።