አልቆጠሩንም እንላለን፤ እኛስ ቆጥረናል?



የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የሙስሊሙን ቁጥር 33.9 በመቶ ብሎ ካወጣ ወዲህ ያልተከራከርንበት ቦታ የለም። ሻይ ቤት ተከራክረናል፣ ታክሲ ውስጥ ተከራክረናል፣ እዚሁ ፌስቡክ ላይም ተሰዳድበናል። "አሳንሰውናል" እንላለን። በ2011 ሊካሄድ የነበረው ቆጠራ ሲራዘምም ተናደናል።

እሺ፣ ያ ክርክር ለጊዜው ይቆየን። ዛሬ ጥያቄው ለእኛው ነው። የሰፈርህ መስጂድ ኮሚቴ በአካባቢው ስንት የቲም እንዳለ ያውቃል? መድረሳው ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ መዘገበ? ስንቱ አቋረጠ? ለምን? ሄደህ ጠይቅ። የምታገኘው መልስ "አልሐምዱሊላህ፣ ብዙ ናቸው" የሚል ነው። ወንድሜ፣ "ብዙ" ቁጥር አይደለም!

መንግሥት በትክክል አልቆጠረንም ብለን የምንጮህ ሰዎች በእጃችን ያሉትን የቲሞች አልቆጠርንም። እውነቱ ይሄ ነው።

ይህ "የፈረንጅ ስራ ነው" የሚል ካለ ሐዲሱን ያስታውስ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስልምናን የተቀበሉ ሰዎች ተመዝግበው እንዲቀርቡላቸው አዘው፣ 1500 ወንዶች መመዝገባቸውን ሑዘይፋ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ኢማሙ ቡኻሪ ዘግበውታል። ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ ከበይተል ማል ድርሻ የሚሰጣቸውን ሰዎች በስም የያዘ ዲዋን አቋቁመዋል። መቁጠርና መመዝገብ የራሳችን ታሪክ ነው፤ የተውነው እኛ ነን።

በዚህ ሙያ ስለምሰራ አንድ ያየሁትን ልናገር። የቲሞችን የሚረዳ አንድ ማህበር ድረ ገጽና ፖስተር እንድሰራለት ጠራኝ። "ለማን ነው የምትናገሩት?" አልኳቸው። "ለኡማው" አሉኝ። በየዓመቱ ደብተርና ቦርሳ ያከፋፍላሉ፤ ልጆቹ ግን ትምህርት ማቋረጣቸውን አላቆሙም። ሁለት እህቶች ቤት ለቤት ሄደው እናቶቹን ጠየቁ። የብዙዎቹ መልስ ተመሳሳይ ነበር፦ ደብተር አላጣንም፤ ልጅቷ የምትቀረው እኔ ሥራ ስወጣ ታናሾቿን የሚይዝልኝ ስለሌለ ነው። ሱብሃነላህ! ደብተር ሲታደል ስንት ዓመት አለፈ፤ አንድም ቀን "ምን ቸገራችሁ?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ጉድለት ስታነሳ የሚሰጥህ መልስ ሁሌም ሁለት ነው።

አንደኛው "የቲም እየተራበ ለጥናትና ለዌብሳይት ብር አናወጣም" ይባላል። ግን የዘካን ተቀባዮች የዘረዘረችው የሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ራሷ በዘካው ላይ ለሚሰሩት ሰዎች ድርሻ መድባለች። ዘካ ለዌብሳይት ይውጣ እያልኩ አይደለም፤ እሱ የዑለሞች ጉዳይ ነው። የምለው፣ ገንዘቡን በትክክል ሰብስቦ ለትክክለኛው ሰው ማድረስ ራሱ ዋጋ ያለው ስራ መሆኑን ዲናችን ያውቃል።

ሁለተኛው "ኢኽላስ ይበላሻል፣ ሪያእ ይሆናል" የሚለው ነው። የራስህን ሶደቃ ደብቅ፤ ባረከላሁ ፊክ። የሕዝብን ብር ተቀብለህ ግን የት እንደገባ አለመናገር ኢኽላስ አይደለም። አማና ነው፣ ሒሳቡን ታቀርባለህ። "አልሐምዱሊላህ፣ ፕሮግራሙ ተሳክቷል" ሪፖርት አይሆንም። ስንት ገባ? ስንት ወጣ? ለስንት ቤተሰብ ደረሰ? ይህን ያልጻፈ ኮሚቴ ነገ "በሉት" የሚል ወሬ ሲነሳበት የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

የሚገርመው፣ መናገር የሌለብንን እንናገራለን። የየቲሙን ፊት ከዘይት ጄሪካን ጋር አቁመን ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን። ያ ልጅ ነገ አድጎ ጓደኞቹ ሲያዩት ምን ይሰማዋል? በሀገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከአዋጁም በፊት ግን የድሃን ክብር መጠበቅ ግዴታችን ነበር።

አሁን ወደ ክፍያው ልምጣ። መስጂድ ሲሰራ ግንበኛው ይከፈለዋል፣ ኤሌክትሪሻኑ ይከፈለዋል፣ የድምጽ ማጉያው ኪራይ ይከፈላል። ድረ ገጽ የሚሰራው ወጣት ዘንድ ሲደረስ ግን "ፊ ሰቢሊላህ ስራልን" ይባላል። የሰራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈል የሚለው ሐዲስ ላፕቶፕ ላይ ለሚሰራ አይመለከትም? ውጤቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ ከሥራ መልስ ሌሊት ይሰራል፣ ድረ ገጹን በራሱ ኢሜል ያስመዘግባል፣ ከዚያ ያገባል ወይም ዐረብ ሀገር ይሄዳል። የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ዓመታዊ ክፍያውን የሚያስታውስ የለም፣ ድረ ገጹ ይዘጋል፣ የማህበሩም ታሪክ አብሮ ይጠፋል። የሚቀረው ጽሑፉ በሙሉ ምስል ውስጥ የተቀበረ ፖስተር ነው፤ ጉግል አያገኘውም፣ በስልኩ ድምጽ የሚያነብ ዓይነ ስውር ወንድማችንም አይሰማውም።

"አንችልም" እንዳትሉኝ። በ2004 "ድምፃችን ይሰማ" አንድ የፌስቡክ ገጽ ይዞ በተለያዩ ከተሞች ያለው ሕዝብ በአንድ ጁሙዓ አንድ ዓይነት ነገር እንዲያደርግ አስችሏል። ምስጢሩ የፖስተሩ ማማር አልነበረም። ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት የሚለውን በግልጽ ይናገር ነበር፤ የተናገረው ስለሚፈጸም ደግሞ ሕዝቡ አመነው። ያ ችሎታ ለተቃውሞ ጊዜ ብቻ ነው እንዴ የሚያገለግለው?

አንተም ወጣቱ፣ አንቺም እህቴ፣ ከወቀሳው አታመልጡም። ቴሌግራም ላይ የጉግል ፎርም ለጥፎ "ጥናት አጠናሁ" ማለት ይቅር። የሚሞላልህ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ያንተው ጓደኛ ነው። ስልክ የሌላት ባልቴት እዚያ የለችም። ከጁሙዓ በኋላ የፊት ሶፍ ላይ ያሉትን ብቻ መጠየቅም ያው ነው። የሰፈሩን ቤቶች ዝርዝር ያዝ፣ ከየአስሩ አንዱን ቤት ምረጥ፣ ሴቶችን እህቶች ይጠይቁ፣ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ይሁን፣ በሚናገሩት ቋንቋ ይሁን። መልሱን አፋቸው ላይ አታስቀምጥ። ኮቦ ቱልቦክስን የመሰለ በነጻ የሚገኝ፣ ኔትወርክ በሌለበትም መልስ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ። ሰበብ የለህም። ውጤቱን ደግሞ መጀመሪያ ለጠየቅካቸው ሰዎች መልሰህ ንገራቸው።

ለኮሚቴዎቻችን ያለኝ ጥያቄ ሦስት ነው። ከመጪው ረመዷን በፊት የየቲሞቻችሁንና የመድረሳ ልጆቻችሁን ትክክለኛ ቁጥር ያዙ። ገቢና ወጪን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ መስጂዱ በር ላይም ኢንተርኔት ላይም ለጥፉ። ድረ ገጹና የቴሌግራም ቻናሉ በማህበሩ ስም ይሁን፣ ቁልፉም ቢያንስ በሁለት ሰው እጅ ይቀመጥ። ለሚሰራውም ክፈሉ።

ሙያ ያለህ ወንድሜ ደግሞ በነጻ መስራት ከፈለግክ ስራ፣ አላህ ይቀበልህ። ግን ውል ጻፍ፤ የስራውን ዋጋ በብር አስፍርና ከስሩ "በሶደቃ ሰጥቻለሁ" ብለህ ፈርም። ያን ጊዜ አንተ ምን እንደሰጠህ፣ እነሱም ምን እንደተቀበሉ ያውቃሉ።

ሀገራዊው ቆጠራ መቼ እንደሚመጣ አላህ ያውቃል። የሰፈርህን የቲሞች ለመቁጠር ግን የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግህም፤ ከዐስር በኋላ ደብተር ይዘህ መጀመር ትችላለህ።

ወላሁ አዕለም።