የማሊቡን ዓሣ ማን ያትርፈው?

አንደኛው ጸሐፊ፦ ባለመሬቱ

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሚጥለው ዝናብ በባሎና ክሪክ የኮንክሪት ቦይ ወርዶ ሳንታ ሞኒካ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ከዚያው ባሕር ወደ ማሊቡና ቶፓንጋ ጅረቶች እየወጣ ዕንቁላሉን የሚጥል፣ ስቲልሄድ የሚባል የሳልሞን ዘመድ አለ። ጠባዩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የጣና ነጭ ዓሣም በክረምት ለመራባት ጉማራንና ርብን ሽቅብ ይወጣል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ድሮ በአሥር ሺዎች ይመለስ እንደነበር የሚገመተው ስቲልሄድ ዛሬ 500 እንደማይሞላ ይነገራል። የሚያተርፈው ጅረቱ የሚያቋርጠውን መሬት የያዘ ሰው ነው ብዬ እሟገታለሁ። ዓሣው ጥላ፣ ቀዝቃዛ ውኃና ንጹሕ ጠጠር ይሻል፤ እነዚህ ደግሞ የሚገኙት የወንዙ ዳር ሳይመነጠር ሲቆይ ነው። የሚመነጥረውም የሚጠብቀውም ባለመሬቱ ነው። የአሜሪካ የግብር ሕግ መሬቱን ለዘለዓለም እንዳይገነባበት በውል ላሰረ ሰው ቅናሽ መስጠቱ ትክክል የሆነውም ለዚህ ነው። ባለመሬት ጥቅሙን ያሳድዳል የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ ስለሚያሳድድም ጥቅሙን ከዓሣው ሕይወት ጋር እናስተሳስርለት።

ማስረጃ ካስፈለገ አሮዮ ሆንዶ አለ። የሳንታ ባርባራ ካውንቲ የመሬት አደራ ማኅበር ይህን 782 ኤከር ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2001 ገዝቶ ጠበቀው። በጃንዋሪ 2025 የፓሊሴድስ ቃጠሎ ቶፓንጋን ሲያጋይ፣ አመድና ጭቃ ሳይቀብራቸው ከጅረቱ የወጡት 271 ዓሦች በመጨረሻ የተለቀቁት እዚያ ነው። በአገራችንም በአማራ ክልል የተደረገ ጥናት የይዞታ ደብተር የያዙ ገበሬዎች ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ይበልጥ እንደሚደክሙ አሳይቷል። መንግሥት ይሻላል ለሚሉኝ ግን የማሊቡን ሪንጅ ግድብ አሳያቸዋለሁ። ከ1984 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ግዛት ንብረት ነው፤ ለአንዳች ጥቅም የማይውል ሆኖ እስከ ዛሬ የዓሣውን መንገድ እንደዘጋ ቆሟል።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ሕዝቡ

ተሟጋቼ የሪንጅን ግድብ ታሪክ ከመካከሉ ጀመሩት። በ1926 ያቆመው የማሊቡን ምድር ጠቅልሎ የያዘው የሪንጅ ቤተሰብ ነው። ያው ቤተሰብ የሕዝብ መንገድ በመሬቱ እንዳያልፍ ከካውንቲው ጋር እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟግቶ በ1923 ተረትቷል። ግድቡ 100 ጫማ ይረዝማል፤ ዓሣውን ከባሕር 3 ማይል ያህል ገባ እንዳለ ያግተዋል። ብዙም ሳይቆይ በደለል ተሞላ፤ ዛሬ ከኋላው ያለው ደለል ወደ 780,000 ኪዩቢክ ያርድ ይገመታል። ይህን ዝቆ የሚያወጣ ባለመሬት፣ የፈለገውን ያህል የግብር ቅናሽ ቢሰጠው፣ ከወዴት ይመጣል? ግዛቱ አርባ ዓመት መዘግየቱ ያስወቅሰዋል፤ ወቃሹ ግን መራጩ ሕዝብ ነው፤ የግል ባለቤት ቢሆን ማንም ባልጠየቀው ነበር።

ቅናሹም ቢሆን ለዓሣው ብቻ አልዋለም። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች በሽርክና ርካሽ መሬት እየገዙ፣ ግምቱን እያናሩ፣ ካወጡት ብዙ እጥፍ የግብር ቅናሽ ሲጠይቁ ከርመው ኮንግረስ በ2022 በ2.5 እጥፍ ሊገታቸው ግድ ሆኗል። ያ ገንዘብ የሕዝብ ነበር። አሮዮ ሆንዶን አከብራለሁ፤ ነገር ግን 271ዱ ዓሦች እዚያ የደረሱት ሕግ ስለጠበቃቸው ነው። የፌዴራል መንግሥት የደቡብ ካሊፎርኒያን ስቲልሄድ በ1997 ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት ዝርዝር አስገብቶታል። የካሊፎርኒያ ግዛት ይህንኑ የወሰነው በአፕሪል 2024፣ ካልትራውት የተባለው ድርጅት በ2021 አቤቱታ ካቀረበ በኋላ ነው። ያለ አቤቱታ ይህ ሁሉ አይሆንም። የጣናው ምሳሌም ወደ እኔ ያዘነብላል፤ ነጭ ዓሣው የሚጠመደው ለመራባት በሚሰበሰብበት በወንዙ አፍ ነው። በ1990ዎቹ በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል ሲያልቅ፣ የማንም ገበሬ ደብተር ያንን አፍ አይሸፍንም ነበር።

መሬት ያለው ጥቂት ነው፤ ሱቅ ተከራይቶ እንጀራ የሚሸጥ ወይም ታክሲ የሚነዳ ዜጋ ግን ድምፅ አለው። በኖቬምበር 2018 የሎስ አንጀለስ ካውንቲ መራጮች፣ ተከራዩም ጭምር፣ ውኃ በማያሰርግ ንጣፍ ላይ በካሬ ጫማ 2.5 ሳንቲም ግብር አጽድቀዋል፤ ገንዘቡ ወደ ባሎናና ወደ ሌሎች ወንዞች የሚወርደውን የጎርፍ ውኃ ለማጣራት ይውላል። ባለመሬቶች ብቻ ቢጠየቁ ይህ ግብር ባልጸደቀ ነበር ብዬ አምናለሁ። እናም አንባቢዬ፣ ሳክራሜንቶ ላለው የግዛቱ ምክር ቤት ተወካይዎ አንድ ደብዳቤ ይጻፉ፤ የሪንጅ ግድብ ማፍረሻ በጀት ይመደብ ይበሉ።