አገናኝ ሰርቨር በወረፋው ይለካ
በአይቲ አገልግሎት አስተዳደር ውስጥ አገናኝ ሰርቨር ከአንዱ ሥርዓት መልእክት ተቀብሎ ለሌላው ያደርሳል። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒውተሮች ብዛት ይወሰናል፤ ልኬቱ ግን የተሳሳተ ነው። ለምሳሌ የኢትዮጵያ መንግሥት ኔትወርክ የሆነው ወረዳኔት በርካታ ወረዳዎችን ያገናኘው በሳተላይት ነበር። እንደ ጃናሞራ ባለ ተራራማ ወረዳ እንዲህ ያለ መስመር ሲዘረጋ፣ ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። በሰከንድ 20 ጥያቄ ከመጣ ምንጊዜም 10 ያህሉ መንገድ ላይ ናቸው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሰርቨሩ የተጨናነቀ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ መጨመር ያለበት የፕሮሰሰር ጉልበት ሳይሆን ጎን ለጎን መልስ የሚጠብቁ ጥያቄዎች ቁጥር ነው። ዋናው ፈተና ግን የመስመር መቋረጥ ነው። በሰዓት 200 መልእክት የሚያልፍበት መስመር ለ8 ሰዓት ቢቋረጥ 1,600 መልእክት ይከማቻል። አቅሙ በሰዓት 200 ብቻ የሆነ ሰርቨር፣ አዲሱም ስለማያቋርጥ፣ ክምሩን መቼም አይጨርሰውም። 300 የሚችለው በ16 ሰዓት ያጠራዋል። ወረፋውም ዲስክ ላይ ይጻፍ፤ ራም ላይ ብቻ የተያዘ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።