ስም አልባው መሶብ

ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው መሸንቲ በከተማው አስተዳደር ሥር ትቆጠር እንጂ የገጠሩ ኑሮ ከደጃፏ አልራቀም። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲደርስ በአካባቢው ቤቶች የሚጀመረውን ሥራ ያላየ፣ አይቶም ያላስተዋለ ሰው፣ ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ቢናገር የሚናገረው ስለ ግማሹ ነው። አክርማና ስንደዶ ይለቀማል፤ ይደርቃል፤ ከፊሉ ቀለም ገብቶ አለላ ይሆናል። ልጆች ይለቅማሉ፣ ይመርጣሉ። አያት ቀለሙን ትመጥናለች። እናት ወስፌዋን ይዛ ስፌቱን ከእምብርቱ ትጀምራለች። አገልግል ከሆነም ቆዳ ይለብሳል፤ ማንገቻ ጠፍር ይበጅለታል። ሣር፣ ቀለምና ቆዳ በአንድ አካል ላይ ተዋሕደው ይወጣሉ።

ይህ ሥራ በሥነ ጥበብ መምህራን ዘንድ ምን ተብሎ ይጠራል? አብዛኛውን ጊዜ «የቤት ዕቃ» ተብሎ ይታለፋል። ልዩ ልዩ ቁሶችን ማጣመር «ሚክስድ ሚዲያ» በሚል ስም በአዳራሽ ሲቀርብ ግን ይጨበጨብለታል። የስልቱን መነሻ የሚተርኩ መጻሕፍት ፓብሎ ፒካሶ በ1912 እ.ኤ.አ. የሠራውን ሥዕል ይጠቅሳሉ፤ የወንበር ጥልፍልፍ የታተመበት ጨርቅ በሸራ ላይ ተለጥፎ ዙሪያው በገመድ ተከቧል። የሥራው ታላቅነት አያከራክርም። ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ በዚያ ሥዕል ላይ ያለው በማተሚያ መኪና የተቀዳ የጥልፍልፍ ምስል ነው። በመሸንቲ ቤት ያለው ግን ስፌቱ ራሱ ነው። ምስሉን ጥበብ፣ እውነተኛውን ዕቃ የሚያሰኘው ሚዛን ከየት የመጣ ሚዛን ነው?

«መሶብ ለአገልግሎት የተሠራ ነው፤ ጥበብ ግን ለራሱ ይቆማል» የሚሉ አሉ። እነዚሁ ሰዎች እንግዳ ሲመጣ በጀልባ አሻግረው ወደ ዘጌ ይወስዱታል፤ በዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ግድግዳ ፊት አቁመው ያስደንቁታል። ያ ሥዕል ለአገልግሎት የተሠራ አይደለምን? ምእመናንን ሊያስተምር፣ ጸሎትን ሊያግዝ የተሣለ ነው። አሠራሩም ቢሆን ጨርቅ በግድግዳ ላይ ለጥፎ በቀለም መሣል ነው፤ ይኸውም ቁስ ማጣመር ነው። አገልግሎት የመቅደሱን ሥዕል ካላዋረደው የእናትን መሶብ የሚያዋርድበት ምክንያት የለም።

«የስፌት ንድፍ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ድግግሞሽ ነው፤ ፈጠራ የለበትም» የሚለው ክርክር ግን ከፊል እውነት አለው። ቀድታ ብቻ የምትቀር ልጅ ጠቢብ አትሆንም። ሆኖም መልሱ ውርሱን መናቅ ሳይሆን ማበልጸግ ነው። ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ስንጥቆች ላይ እየሣለ በ1992 እ.ኤ.አ. በዳካር ቢየናሌ ሲሸለም፣ እስክንድር ቦጎሲያን ወደ ፍየል ቆዳና ወደ ዛፍ ልጥ ሲዞር፣ ኤልያስ ስሜ በክርና በቁልፍ ሲሰፋ፣ የእጃቸው ቁስ ከአገሬው ቤት እምብዛም የራቀ አልነበረም። በአዲስ አበባ በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዞማ ሙዚየምም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ እናቶች ጎታ የሚያበጁበት ቁስ።

እንግዲህ ክርክሩ በዚህ ካበቃ ራስን ማሞገስ ብቻ ይሆናል። «ቤተሰብ በጋራ ይሠራል» የሚለው ቃልም ሊመረመር ይገባዋል። ወንድ ልጅ ወስፌ ቢይዝ «ሴታሴት» የሚባልበት ቤት በጋራ ይሠራል ሊባል አይችልም፤ ሸክሙ የእናትና የሴት ልጆች ብቻ ነው። ያንን አገልግል ቆዳ የሚያለብሰው፣ ሸክላውን የሚሠራው፣ በጣና ዳር ደንገሉን አጭዶ ታንኳ የሚያስረው የነገደ ወይጦ ሰው፣ በእጁ ሥራ ተፈልጎ በማኅበራዊ ኑሮ ሲገለል ኖሯል። ዕቃውን በማዕድ ላይ አክብሮ ሠሪውን ከማዕድ የሚያርቅ ኅብረተሰብ ስለ ባህል ቅርስ የሚናገርበት አፍ ያጥረዋል። ነቀፋው በሰነፍ መምህር ብቻ የሚቆም አይደለም፤ እያንዳንዱን ደጃፍ ያንኳኳል።

ከዚህ የሚከተለው ግዴታ ግልጽ ነው። መምህሩ ሸራና የዘይት ቀለም አልመጣልኝም እያለ የሥዕልን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ከሚሰጥ፣ ወንዱንም ሴቱንም ተማሪ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ከሣር፣ ከጭቃና ከቁራጭ ጨርቅ አንድ ሥራ ሠርቶ እንዲያመጣ ይዘዝ፤ ሲያርምም «ከአያትህ ንድፍ ምኑን ለወጥህ? ለምን?» ብሎ ይጠይቅ። ሠዓሊው ወደ መንደሩ ሲወርድ ንድፍ ለቃቅሞ የሚመለስ እንግዳ አይሁን፤ የወሰደበትን ቤት በስሙ ይጥቀስ፣ ከገቢውም ያካፍል። የባህል ሠራተኛው ደግሞ ለኤግዚቢሽን መሶብ ሲሰበስብ የሚለጥፈውን ወረቀት ይመርምር። የሠዓሊው ሸራ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ቁስ ይጻፍበታል፤ በመሶቡ ላይ የሚለጠፈው ግን «የጎጃም ባህላዊ ዕቃ» የሚል ብቻ ነው። ጎጃም መሶብ አይሰፋም። የምትሰፋው ስም ያላት ሴት ናት፤ ሣሩን የለቀሙላት ልጆችም ስም አላቸው። ያ ስም በወረቀቱ ላይ እስካልተጻፈ ድረስ ስለ ሕዝብ ጥበብ የሚደረገው ንግግር ሁሉ የሌላውን ድካም በራስ ስም ከመዘርዘር አይለይም።