በዳቡስ ዳር ከካሜራ ጋር

ልጄ ሰሞኑን ተቀይማኛለች። ጥፋቴ የ11 ዓመት ልጇን ዳክዬ ፎቶ እንዲያነሳ ብዬ ዳቡስ ወንዝ ድረስ መውሰዴ ነው። «እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ የሰውን ልጅ ‹ከወንዝ ውጡ› ስትዪ ኖረሽ የኔን ልጅ ወንዝ ትወስጂያለሽ?» አለችኝ። አልተሳሳተችም። ነርስ ሆኜ በአሶሳ ዙሪያ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ውሃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ልጅ ካየሁ ከመኪና ወርጄ የምጮህ ሰው ነበርኩ።

ልጁ አጎቱ የሰጠውን አሮጌ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የግቢያችንን ቁራ ሲያነሳ ክረምቱ አለፈ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች ወደ አገራችን ውሃዎች እንደሚመጡ ስነግረው እንቅልፍ አጣ። የመንገዱን ሰላም ጠያይቀን፣ አንድ ቅዳሜ ባምባሲን አልፈን ወረድን።

ድልድይ አጠገብ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። እኛ አስፈቅደንም ጥበቃው ተጠራጥሮ ካሜራውን ተቀብሎ አየው። ቁራ፣ ቁራ፣ አሁንም ቁራ። ቀና ብሎ እኔን ሲያይ ግን ሳቀ። «ሲስተር! ልጅ ሆኜ በእንጨት ለክተው ኪኒን ያስዋጡኝ እርስዎ አይደሉም?»

እንጨቱ ቁመት መለኪያ ነው። ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈውን ኦንኮሰርኪያሲስ ለመከላከል አይቨርሜክቲን ሲታደል፣ የኪኒኑ ብዛት የሚወሰነው በቁመት ነው፤ ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን አይወስድም። በሽታው በአገራችን በአብዛኛው የሚያሰቃየው ቆዳን በማሳከክ ቢሆንም ዓይንንም ሊያጠፋ ይችላል። ዝንቧ የምትራባው ውሃው ድንጋይ ላይ እየተላተመ በሚፈጥንበት ቦታ ነው፤ የምትነክሰውም ቀን ነው። ስለዚህ ልጁን ከሚያረፋው ውሃ አራቅሁት።

እነዚያ ዳክዬዎችም የሚመርጡት ዝግ ያለና ሣር የበዛበትን ውሃ ነው። ችግሩ፣ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣም የሚወደው እሱኑ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ትል ጤነኛ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ፈጣኑ ውሃ ዘንድ ዝንብ፣ ዝግተኛው ውሃ ዘንድ ቀንድ አውጣ! ለልጄም ያልኳት ይህንኑ ነው፤ አደጋውን የማውቀው እኔ ካልወሰድኩት ከጓደኞቹ ጋር ተደብቆ ይሄዳል፣ ያኔ ደግሞ ይዋኛል።

ረጅም እጅጌና ሱሪ ለብሰን፣ ከዳሩ ራቅ ብለን ደረቅ መሬት ላይ ተቀመጥን። ልጁ ገና ከመቀመጡ ድንጋይ አነሳ። «ሲበሩ ላነሳቸው ነው» አለኝ። አስጣልኩት። አህጉር አቋርጦ የመጣ ወፍ ባስበረገጋችሁት ቁጥር ለመልሱ መንገድ የሚያጠራቅመውን ስብ ይጨርሳል። ይልቅ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተን ወፎቹ ራሳቸው ቀረቡ።

የዓይን ሞራ ስለጀመረኝ እኔ ያየሁት ሁለት ቡናማ ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ልጁ ፎቶውን አጉልቶ አሳየኝ። «እማማ፣ ይቺ ዓይኗን ተመትታለች እንዴ?» የግብፅ ዝይ ናት፤ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ጥቁር ቡናማ ክብ የተፈጥሮዋ ነው። በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ስላለች በግብፅ ስም ተጠራች እንጂ፣ ዓመቱን ሙሉ እኛ አገር የምትኖር ባለቤት ናት፤ ጀርመኖች የናይል ዝይ ይሏታል። ቆይተው ፊታቸው ነጭ የሆነ ዳክዬዎች መጡ። እንደ ሌላው ዳክዬ አይጮኹም፤ እንደ እረኛ ያፏጫሉ።

ከዚያ የካሜራው ክዳን ተንከባለለና ውሃ ገባ። ልጁ ብድግ ሲል ሸሚዙን ከኋላ ያዝኩት። አንድ ቁልፍ ተበጠሰ። ክዳኑ ከዳሩ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም፣ ይታያል፤ ልጁ አለቀሰ። «እግሬን ብቻ» አለኝ። እግር ይበቃል፤ ለትሉም፣ ዳር ላይ ለተደበቀ አዞም። ልጃችሁ እንዲህ ካለ ውሃ ገብቶ ከሆነ ግን አትቆጡት፤ እንዳይደብቃችሁ። ሰውነቱ ቢያሳክከው፣ ከሳምንታት በኋላም ቢያተኩሰው ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢይዘው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ወንዝ መግባቱንም ለባለሙያው ተናገሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል ፍቱን መድኃኒት አለው።

ትንኝ ሳይነሳ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስን። ክዳኑ እስከ ዛሬ ዳቡስ ውስጥ ነው። ልጄ ኩርፊያዋን ባትተውም የሸሚዙን ቁልፍ ስትተክል፣ ከተረፋት ጨርቅ ለካሜራው ክዳን ሰፍታለታለች፤ እንዳይወድቅም ረጅም ክር አበጅታለታለች።