በውል ከግዛት ወደ ግዛት ለምትሄድ ነርስ ኤጀንሲ ስለ መምረጥ

በአሜሪካ በሚገኙት አጥቢያዎቻችን ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ጸበል ጻዲቅ ሲቀመስ ወጣት ነርሶች አዘውትረው የሚነጋገሩበት አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም በአንድ ሆስፒታል በቋሚነት መሥራትን ትቶ፣ «ትራቭል ነርስ» በሚባለው አኳኋን አጭር ውል እየተዋዋሉ ከግዛት ወደ ግዛት ተዘዋውሮ መሥራት ነው። ውሉ ብዙውን ጊዜ 13 ሳምንት ይቈያል፤ ሳምንታዊው ገንዘብም ከቋሚው ደመወዝ የሚበልጥበት ጊዜ ስላለ፣ የቤት ዕዳ ያለበት ወይም በአገር ቤት ወላጆቹን የሚጦር ሰው ቢመኘው አያስገርምም። የሚያስገርመው ብዙዎች ኤጀንሲያቸውን የሚመርጡበት መንገድ ነው። ስልክ የደወለላቸው መልማይ አነጋገሩ ጣፋጭ፣ የጠራላቸውም ገንዘብ ከፍ ያለ ከሆነ ይበቃቸዋል።

መልማዩን እንደ ጠላት ማየት አይገባም፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ሆስፒታሉ በሰዓት እያሰበ ለኤጀንሲው ይከፍላል፤ ኤጀንሲው ከዚያ ላይ የራሱን ድርሻ አንሥቶ የቀረውን ለነርሷ ያደርሳል፤ መልማዩም አብዛኛውን ጊዜ ነርስ ባስገባ ቍጥር የሚታሰብለት ጥቅም አለው። በአገራችን የቤት ደላላን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ደላላ ሁሉ ውሸታም አይደለም፤ ነገር ግን ቤቱን ሳያይ በደላላ ቃል ብቻ ቀብድ የሚከፍል ማን ነው? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች አባባል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። እንግዲህ እኅታችን ሁለት ወይም ሦስት ኤጀንሲዎችን ውላቸውንና የክፍያውን ዝርዝር አስቀድመው በጽሑፍ እንዲልኩላት ትጠይቅ። «መጀመሪያ እሺ በዪ፣ ወረቀቱ ኋላ ይደርስሻል» ከሚለው ይልቅ፣ ሳያንገራግር የሚልከው ይመረጣል። ከአንድ በላይ በሆኑ ኤጀንሲዎች መመዝገብ የተፈቀደ ነው፤ ብቻ ያለ ፈቃዷ ስሟን ለማንም ሆስፒታል እንዳይሰጡ ታስጠንቅቃቸው፤ ሁለት ኤጀንሲዎች አንዲቱን ነርስ ለአንድ ሆስፒታል ሲያቀርቡ፣ ሆስፒታሉ ከክርክሩ ለመሸሽ ሲል ሊተዋት ይችላልና።

ዝርዝሩ በእጅ ሲገባ አስቀድሞ የሚመረመረው ገንዘቡ እንዴት እንደ ተከፋፈለ ነው። ለምሳሌ ያህል «በሳምንት 2,000 ዶላር» የተባለው ሲተነተን፣ 36 ሰዓት በ20 ዶላር ታስቦ 720 ዶላሩ ግብር የሚከፈልበት ደመወዝ፣ የቀረው 1,280 ዶላር ግን የቤትና የምግብ አበል ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው አከፋፈል በዚህ ሥራ የተለመደ ነው። ይሁንና የጡረታ መዋጮ የሚታሰበው በትንሹ ቍጥር ላይ ነው፤ ትርፍ ሰዓትም በ20 ዶላሩ ላይ ቢሰላ 30 ዶላር ብቻ ይሆናል።

ከዚህም ይልቅ የሚጐዳው የተሰረዘ ፈረቃ ነው። ሕመምተኛ ባነሰ ቀን «ዛሬ አትምጪ» ከሚባሉት መካከል በውል የመጣችው ነርስ ግንባር ቀደም ናት። ከሦስቱ የ12 ሰዓት ፈረቃዎች አንዱ ቀርቶ አበሉም በዚያው ልክ ቢቀነስ፣ ከ2,000 ዶላሩ 667 ያህሉ ይጐድላል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይጐድልም። ስለዚህ ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ ስንት ፈረቃ ሊሰርዝ እንደሚችል በውሉ ላይ በቍጥር ይጻፍ። (አበል ከሰዓት ጋር አብሮ የሚቀነስ ከሆነ ለትርፍ ሰዓት ስሌት እንደ ደመወዝ ሊቈጠር እንደሚገባ፣ በምዕራብ ግዛቶች ላይ ሥልጣን ያለው ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ወስኗል።) በኮሮና ዘመን ክፍያው ጣሪያ ነክቶ ነበር፤ በ2022 ሲወርድ ግን ውል ሳያልቅ ክፍያ ቀነሱ ተብለው በፍርድ ቤት የተከሰሱ ኤጀንሲዎች ነበሩ። ነርሶቹ አዲሱን ክፍያ እንዲቀበሉ ወይም እንዲሄዱ የተነገራቸው ቤት ተከራይተው፣ ከልጆቻቸው ርቀው ከተቀመጡ በኋላ ነበር።

ወላጆች ሆይ፤ ቀጥሎ ያለው በተለይ እናንተን ይመለከታል። አበሉ ከግብር ነጻ የሚሆነው ነርሷ ትታው የሄደችው፣ ወጪውንም የምትሸፍነው እውነተኛ መኖሪያ ሲኖራት ነው፤ በሁለት ቦታ ስለምትከፍል ይካሣልና። በአባትና በእናቷ ቤት ያለ ኪራይ የምትኖር፣ በዚያም አካባቢ ሥራ የሌላት ልጅ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ ቋሚ መኖሪያ እንደሌላት ተዘዋዋሪ ሊያያት፣ አበሉንም ሁሉ እንደ ደመወዝ ቈጥሮ ግብር ሊጠይቃት ይችላል። «ከቤትሽ 50 ማይል ከራቅሽ ይበቃል» የሚባለው የኤጀንሲዎች ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። መኖሪያ አለኝ ብላ የምትፈርመው እርሷ ናት፤ ከዓመታት በኋላ የምትጠየቀውም እርሷው። እንግዲህ ከመሄዷ በፊት ይህን ሥራ የሚያውቅ የግብር ባለሙያ ታማክር። ለወላጆቿ ኪራይ የምትከፍል ከሆነም በአካባቢው ዋጋ፣ በደረሰኝ ይሁን፤ ለይስሙላ የሚጻፍ ወረቀት ለክርስቲያን ቤት አይገባም።

የሕክምና ኢንሹራንሱ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምር እንደ ሆነ፣ በሁለት ውል መካከልም ይቋረጥ እንደ ሆነ ይጠየቅ። ስለ ሥራ ፈቃድ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በግዛቶቹ የነርሶች ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ስላሉ፣ የዚያ ነዋሪ በአንድ ፈቃድ በአባል ግዛቶች ሁሉ ሊሠራ ይችላል፤ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሄድ ግን የዚያችን ፈቃድ ለብቻ ማውጣት አለበት።

አሁን ብዙዎች የሚረሱትን እናንሣ። 13 ሳምንት 91 ቀን ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በጥር መጨረሻ የተጀመረ ውል ጾሙን በሙሉ፣ ብዙ ጊዜም ትንሣኤን ይይዛል። ሥራ ከተጀመረ በኋላ በዓል መለመን አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እሑድን በሚያከብር አንድ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ አሠሪ የሃይማኖት ዕረፍትን ለመከልከል በሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚያደርስበት ማስረዳት አለበት ብሎ ወስኗል፤ ይሁን እንጂ ሕመምተኛ ያለ አስታማሚ አይተውምና፣ በፍርድ ከመከራከር አስቀድሞ በውል ማስጻፍ ይሻላል። ሲጻፍም «ኢስተር» ተብሎ አይተው፤ መልማዩ የራሱን ቀን ይጽፋል። በ2025 ሁለቱም በኤፕሪል 20 ዋሉ፤ በ2026 ግን የምዕራባውያኑ ኤፕሪል 5፣ የእኛ ኤፕሪል 12 ነው። ደግሞም የትንሣኤ ቅዳሴ ሌሊት ነውና፣ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ እሑድን ብቻ ብታስጽፍ ቅዳሜ ማታ በ7 ሰዓት፣ ማለት በእኛ አቈጣጠር በ1 ሰዓት፣ ሥራ ትገባለች። በውሉ ላይ ኤፕሪል 10 የስቅለቱ ቀን፣ ኤፕሪል 11 የሌሊቱ ፈረቃ፣ ኤፕሪል 12 በየስማቸው ይስፈሩ።