ካስማ የማይዝ መሬት

ሐምሌ ገብቶ አስኮ ውስጥ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ፣ ድንኳን የሚተክሉት ጎረምሶች መጀመሪያ የሚያዩት ሰማዩን ነው። ቀጥለው መሬቱን። ሸራው ከእድሩ ዕቃ ቤት ወጥቶ፣ የብረት ቋሚው በትከሻ ተጭኖ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሮ ሳያልቅ ዶፉ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሩጫ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ገመዱን ከጎረቤት አጥር ጋር ያስራል። ሌላው ወደ መብራት ምሰሶ ይሮጣል። ሦስተኛው ድንጋይ ይፈልጋል። ለቀስተኛው ደግሞ እግሩን ከጎርፉ አንስቶ ይቀመጣል።

"ክረምት ነው፣ ምን ይደረግ?" ተብሎ ይታለፋል። ጥፋቱ ግን የክረምቱ አይደለም። መሬቱ ተቀይሯል፤ የድንኳን አተካከሉ ግን አልተቀየረም።

ድሮ የሰፈር መንገድ አፈር ነበር። ካስማው በመዶሻ ይመታል፣ ገመዱ ይወጠራል፣ በድንኳኑ ዙሪያ በዶማ ቦይ ይቀደዳል፣ ውሃው በዚያ ይሄዳል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን የአዲስ አበባ የውስጥ ለውስጥ መንገድ በኮብልስቶን ሲነጠፍ ቆይቷል። መልካም ሥራ ነው፤ ጭቃው ይመለስ የሚል የለም። ነገር ግን ኮብልስቶን ካስማ አያስገባም፤ ቦይም አይቀደድበትም። ለዘመናት ድንኳኑን ይዞ የኖረው ካስማ ቀረ፤ በእሱ ቦታ የገባው የጎረቤት አጥርና የመብራት ምሰሶ ነው።

ካስማ የማይዝ መሬት ላይ ድንኳን መትከል በዓለም አዲስ ችግር አይደለም። በረዶ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚታገሉት ይህንኑ ነው። በለስላሳ በረዶ ውስጥ የተተከለ ተራ ካስማ ነፋስ ሲመጣ ተመዝዞ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በረዶውን ረግጠው ያጠነክሩታል። ከዚያም በበረዶ የተሞላ ከረጢት ወይም እንጨት አጋድመው ይቀብሩና ገመዱን በእሱ ላይ ያስራሉ። ሸራውን የሚይዘው የካስማ ስለት ሳይሆን ክብደት ነው። የእንግሊዛዊው አሳሽ የሮበርት ስኮት ድንኳን ጠርዝም መሬት ላይ ተነጥፎ በረዶ የሚጫንበት ነበር። ስኮትና ሁለት ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በማርች 1912 አንታርክቲካ ላይ በብርድና በረሃብ ሲሞቱ፣ ድንኳናቸው ግን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፈላጊዎች ሲደርሱ እንደቆመ ነበር። ወደ ስምንት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ማዕበል አልጣለውም።

የአስኮ ድንኳን መቆም ያለበት ሦስት ቀን፣ ቢበዛ ሳምንት ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው አሸዋ የተሞላ ጆንያ ነው። በእያንዳንዱ ቋሚ እግር ሥር አንድ፣ በእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ አንድ። ዋጋው እድሩ ለአንድ ለቅሶ ከሚያወጣው ጋር አይወዳደርም፤ ለዓመታትም ያገለግላል።

የጣሪያው ነገር ደግሞ ሒሳብ ነው። የላላ ሸራ መሐሉ ይሰረጉድና ውሃ ያቁራል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ፣ አሥር ሳንቲ ሜትር የጠለቀ ኩሬ 400 ኪሎ ይመዝናል፤ ያውም በለቀስተኛው አናት ላይ። አምስት በአሥር ሜትር በሆነ ድንኳን ላይ የአምስት ሳንቲ ሜትር በረዶ ቢከመር ክብደቱ ከአንድ ቶን ይበልጣል። ስለዚህ ሸራው ሲወጠር ተዳፋት ይኑረው፤ ዝናብ ሲጀምርም ከውስጥ በእንጨት እየገፋ ውሃውን የሚያፈስ ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ኩሬው ከሞላ በኋላ መጮህ አይረዳም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ጸጥ ያለው ነው። ሌሊት ሐዘንተኛ ድንኳን ውስጥ ያድራል። ወጨፎው እንዳይገባ መጋረጃው በአራቱም ማዕዘን ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ እንዳይበርዳቸው ከሰል ይቀጣጠላል። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በረዶ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ብርዱ አጥንት ቢሰብርም የድንኳኑን መተንፈሻ አይዘጉም፤ እሳትም በተዘጋ ድንኳን ውስጥ አያነዱም። አስኮ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ የሐምሌ ሌሊቱ ይበርዳል። መፍትሔው ግን ከሰል ሳይሆን ጋቢና ከእግር ሥር የሚነጠፍ ደረቅ ሣር ወይም ጣውላ ነው። የተቀመጠን ሰው ብርዱ ቶሎ የሚያገኘው ከእርጥብ ድንጋይ በኩል ነው።

የመብራት ምሰሶው ጉዳይ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። እርጥብ ገመድ፣ የብረት ቋሚ፣ በየመሐሉ የተቀጣጠለ የአምፖል ሽቦ፣ ከሥር የቆመ ውሃ፤ እነዚህ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ሌላ ለቅሶ ይጠራሉ።

"አዳራሽ ይሠራ" የሚሉ አሉ። አቅሙ ያለው እድር ቢሠራ መልካም ነው። ይሁንና ለቅሶ የሚደረሰው ሐዘንተኛው ደጅ ላይ ነው። በእርጅና ምክንያት ከቤቷ ርቃ የማትሄድ ጎረቤት ተሻግራ የምታጽናናው እዚያው ነው። "ድንኳን መንገድ ይዘጋል" የሚለው ቅሬታም እውነት አለው፤ አምቡላንስ ማለፍ አለበት። ለዚህ ግን መልሱ ድንኳኑን መከልከል አይደለም።

ከተማዋ መንገድ በምታነጥፍበት ጊዜ ለመኪና ማቆሚያ ታስባለች፣ ለአበባ ታስባለች፣ ለመብራት ታስባለች። በየሰፈሩ በየጊዜው እንደሚተከል የታወቀው ድንኳን ግን በፕላኑ ላይ የለም። በኮብልስቶኑ ዳርና ዳር በሲሚንቶ የተቀበረ የብረት ቀለበት ብዙ ወጪ የለውም። ገመዱን ይይዛል፣ ምሰሶውን ያሳርፋል፣ ድንኳኑም ከመንገዱ ግማሽ እንዳያልፍ ልኩን ያሳያል። ከአስኮ እስከ ሳንሱሲ ያሉ ወረዳዎች ከእድሮቻቸው ጋር ተቀምጠው ሊወስኑት የሚችሉት ነገር ነው።

ወረዳው እስኪወስን ግን እድሩ መጠበቅ የለበትም። አሸዋ አለ፣ ጆንያ አለ፣ ጉልበት አለ። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ክረምት ግን ይሰጣል። ጆንያው በሰኔ ይሞላ።